የተቆለፈው በርና የምስክር ወረቀቱ

መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም. እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር ዋልን። በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ በፓኪስታኗ ካራቺ፣ ባልዲያ ታውን በሚባለው ሰፈር፣ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተሰኘ የልብስ ፋብሪካ በእሳት ተያያዘ። ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ፣ መውጫዎቹም የተቆለፉ ስለነበሩ ብዙዎች በጭስ ታፍነው ሞቱ። ከተረፉት መካከል ፍርግርጉን ገንጥለው ከፎቅ የዘለሉ ይገኙበታል።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ፍርስራሹን ያገላበጡ ሰዎች ያልተቃጠሉ ጂንስ ሱሪዎች አገኙ። በላያቸው የተሰፋው ምልክት «ኦኬይ» ይላል። ኦኬይ በጀርመን አገር ርካሽ ልብስ በመሸጥ የታወቀው የኪክ ሱቆች ምርት ነው። የፋብሪካው ዋና ደንበኛ ማን እንደነበር ዓለም ያወቀው በዚህ መንገድ ነው። ኪክ ለአቅራቢዎቹ ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው፤ ፋብሪካውንም ከአንዴም ሁለቴ አስፈትሾታል።

ቀጥሎ የወጣው ግን ከሱሪው የባሰ አስደነገጠ። እሳቱ ሊነሳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ነሐሴ ላይ፣ ፋብሪካው «ኤስኤ 8000» የተባለውን የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር።

ኤስኤ 8000ን በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው መቀመጫው ኒውዮርክ የሆነ ሶሻል አካውንተቢሊቲ ኢንተርናሽናል የተባለ ድርጅት ነው። ማንም መንግሥት አያስገድድበትም፤ ፋብሪካው በፈቃዱ ይገባበታል። የደረጃው ድንጋጌዎች የተቀዱት ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ነው። ሕፃን አይሠራም፣ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም፣ ትርፍ ሰዓትም ከ12 አያልፍም፣ የሠራተኛው ጤናና ደኅንነት ይጠበቃል። ከእንዲህ ዓይነት ደረጃዎች ሁሉ ጠንከር ያለው ይኸው ነው ይባልለት ነበር። እኔም ድንጋጌዎቹን ሳነብ የሚወጣላቸው እንከን አላገኘሁም። እና ሕንፃውን አይቶ ይህንን ወረቀት የሰጠው ማን ነው?

ወረቀቱን የሰጠው የጣሊያን ጄኖዋው ሪና ነው። ሪና በ1861 እ.ኤ.አ. መርከብ ለመመርመር የተቋቋመ አንጋፋ ድርጅት ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ በልዩ ልዩ የምስክር ወረቀቶች ሥራ ተሰማርቷል። ነገር ግን ወደ ካራቺው ፋብሪካ የሄዱት የሪና ሰዎች አልነበሩም። ፍተሻው በውል ለአንድ የፓኪስታን ድርጅት ተላልፎ ነበር። ደረጃው ኒውዮርክ ተጻፈ፣ ማኅተሙ ጄኖዋ ተመታ፣ ፋብሪካውን ያየው የፓኪስታን ተቋራጭ ነው፤ ልብሱን የገዛው ደግሞ ጀርመን አገር ተቀምጧል። የፍተሻውንና የወረቀቱን ወጪ የሚሸፍነው ግን ተፈታሹ ፋብሪካ ራሱ ነው። በእኔ እምነት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ከፋዩ ፋብሪካ ከሆነ፣ «ይህ በር ለምን ጓጉንቸር ተንጠለጠለበት?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ መርማሪ የራሱን እንጀራ መግፋት ይሆንበታል። በዚያ ላይ ሪፖርቱ ምስጢር ነው፤ ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው ልጅ አታየውም።

ክርክሩ ቀጠለ። የፓኪስታን መርማሪዎች በኋላ እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው አሉ፤ በማስፈራራት ገንዘብ የጠየቁ ሰዎች ባለቤቶቹ እምቢ ቢሏቸው ያደረጉት ነው ተባለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የካራቺ ፍርድ ቤት በሁለት ሰዎች ላይ የሞት ቅጣት ወሰነ። ኪክም ይህ የሽብር ሥራ እንጂ የደኅንነት ጉድለት አይደለም ሲል ተከራከረ።

ለዚህ መልስ የሰጠው የለንደኑ የፎረንሲክ አርኪቴክቸር የምርምር ቡድን ነው። ቡድኑ በ2018 እ.ኤ.አ. ፎቶግራፎችን፣ ቪዲዮዎችንና የተራፊዎችን ቃል አሰባስቦ ሕንፃውን በኮምፒውተር ዳግም ገነባው፤ ጭሱ እንዴት እንደተስፋፋ፣ ሰው ወዴት እንደሮጠ ደረጃ በደረጃ ተከተለ። ከእንጨት የተሠራው ቆጥ፣ የማይሠራው የእሳት ደወል፣ ያልነበረው የአደጋ ጊዜ ደረጃ፣ የተዘጉት በሮች አንድ በአንድ ተቆጠሩ። በሮቹ ክፍት ቢሆኑ፣ ደወሉ ቢጮኽ፣ አንድ ተጨማሪ ደረጃ ቢኖር ኖሮ ብዙ ሰው ይተርፍ እንደነበር አሳዩ። እሳቱን ማንም ይለኩሰው፣ ሰዎቹን እዚያ ውስጥ ያስቀራቸው የተዘጋው መውጫ ነው። ይህ ግኝት የኪክን ክርክር መሠረቱን ናደው።

ሕጉ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ሦስት የሟች ቤተሰቦችና አንድ ተራፊ በ2015 እ.ኤ.አ. ኪክን ጀርመን ዶርትሙንድ ፍርድ ቤት ከስሰው፣ ለእያንዳንዳቸው 30 ሺህ ዩሮ ጠይቀው ነበር። ልጇን በእሳቱ የቀበረች እናት ከካራቺ ድረስ ሄዳ ችሎት ፊት ቀረበች። ጥር 2019 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ኪክ ከዚያ ቀደም፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አሸማጋይነት ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ለመክፈል ተስማምቷል። ሪና ግን በጣሊያን የተደረገውን የሽምግልና ስምምነት ሳይፈርም ቀረ።

የካራቺው ፋብሪካ በተቃጠለ ከሰባት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች ሁለቱ በአውሮፓ ገዢዎች የበጎ ፈቃድ ደንብ መሠረት ተፈትሸው ነበር። ደንቡ ደግሞ የሕንፃውን ጥንካሬ አይመረምርም ነበር። በዚህ ጊዜ የሠራተኛ ማኅበራቱ የወረቀት ነገር በቃን አሉ። በሳምንታት ውስጥ ማኅበራቱና ገዢዎቹ አኮርድ የተባለውን የደኅንነት ስምምነት ተፈራረሙ። በበጎ ፈቃድ ይገባበታል፤ አንዴ ከተፈረመ ግን እንደማንኛውም ውል ያስገድዳል። ገንዘቡን የሚያዋጡት ገዢዎቹ ናቸው፣ መርማሪው ከፋብሪካው አይከፈለውም፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይወጣል፣ ሠራተኛዋም አደገኛ ሕንፃ ውስጥ አልገባም የማለት መብት አላት። ገዢው ግዴታውን ካልፈጸመ ማኅበራቱ ለግልግል ዳኝነት ያቀርቡታል፤ በሄግ የተያዙ ሁለት ክሶችም በስምምነት ተቋጭተዋል። ከ1,600 በላይ ፋብሪካዎች ተፈትሸዋል፤ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የተቆለፉ በሮችም ተነቅለዋል።

ከዚህ በፊት፣ የካራቺው ፋብሪካ ሳይቃጠል፣ መጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ዓይነት አስገዳጅ ውል ለባንግላዴሽ የፈረመ የመጀመሪያው ገዢ ፒቪኤች ነው። ለሐዋሳ ሰው ይህ ስም አዲስ አይደለም፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ያሰፋ የነበረ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ያው ኩባንያ ነው። ሐዋሳ ማሽን ላይ የምትቀመጥ ልጅ ስለ ፋብሪካዋ ከሚወጣ ሪፖርት ሁለት ነገር ብትጠይቅ ደስ ይለኛል፦ መርማሪውን የከፈለው ማን ነው? ሪፖርቱን እኔ ማየት እችላለሁ?

ፓኪስታን የራሷን አኮርድ ያገኘችው ከእሳቱ አሥር ዓመት በኋላ ነው። በሥራ ላይ የዋለው ጥር 2023 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የሚመለከተውም የልብስና የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎችን ነው።