ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ

ጉርድ ሾላ ባቡር ጣቢያ ወርደው በሴንቸሪ ሞል በኩል ሲያልፉ የሰፈሩን ስም ያነገቡ ታፔላዎች ያያሉ። ሰፈሩ የሁሉም ስለሆነ ስሙንም ሁሉም ይጠራዋል። ኢንተርኔት ላይ ግን አንድን አድራሻ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀድሞ የከፈለ።

ለዓመታት የለፉበትን የንግድ ስም ሌላ ሰው በዶት ኮም አስመዝግቦ «ግዙኝ» አለዎት እንበል። አቤቱታዎ የሚታየው የኢንተርኔት ስሞችን ሥርዓት የሚመራው አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ባጸደቀው የክርክር ሥርዓት ነው። በዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ዘንድ እስከ 5 ስም የያዘ፣ በአንድ ዳኛ የሚታይ አቤቱታ 1,500 ዶላር ይከፈልበታል። ከፋዩ ከሳሹ ነው፤ ቢረታም አይመለስለትም። ዳኛው ስሙን ከማዛወር ወይም ከመሰረዝ በቀር ኪሳራ የመቁረጥ ሥልጣን የለውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 86 ሺህ ብር ገደማ የነበረው ይህ 1,500 ዶላር ዛሬ ከ150 ሺህ ብር በላይ ነው። ጠበቃው ገና አልተቆጠረም።

ሌላም መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው የአይካን ፈጣን የእገዳ ሥርዓት በዋናነት በዶት ኮም ቦታ ለሚገቡት አዳዲስ የስም ቅጥያዎች የታሰበ ሲሆን ክፍያው ቀለል ይላል። ነገር ግን ስሙ ይታገዳል እንጂ ለረቺው አይሰጥም። እገዳው የሚቆየው ምዝገባው እስኪያልቅ ነው፤ አንድ ዓመት ልጨምር ካለ የሚከፍለው ራሱ ረቺው ነው። ሌባ አስይዞ ስንቁን እንደማመላለስ!

የአገራችን ፍርድ ቤቶች በዚህ ይሻላሉ። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛው ወጪውን በተረቺው ላይ ሊጥል ይችላል፤ ምንም እንኳ ብዙ ፍርድ «ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ» ብሎ ቢያበቃም።

«ተረቺ ይክፈል» ማለት ግን ለትንሹም አያዝንም። በቅን ልቦና በራሱ ስም አድራሻ የያዘ ባለሱቅ፣ ትልቅ ኩባንያ ሲከሰው ወጪውን ፈርቶ ሳይከራከር ይለቃል። ለመንጠቅ ብሎ የሚከሰው ኩባንያስ? በዓለም አቀፉ ሥርዓት በውሳኔው ይወቀሳል፤ ሳንቲም ግን አይቀጣም።

ስለዚህ ወጪውን ልቦናው ይወስነው። በክፉ ልቦና ያስመዘገበም፣ በክፉ ልቦና የከሰሰም ይክፈል፤ በቅንነት የተሟገቱ ይቻቻሉ። በየዓመቱ ከምዝገባ የሚያተርፈው ስም መዝጋቢም የእገዳውን ሥራ በራሱ ወጪ ያከናውን። የአገራችን የኢንተርኔት ቅጥያ የዶት ኢቲ አስተዳዳሪ ኢትዮ ቴሌኮም ይህን በምዝገባ ውሉ ላይ በግልጽ ያስፍርልን።