ቆሎ ካልበላች ደውሉ፦ የጥንቸል የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን

ቤታችን ውስጥ ሁለት ጥንቸሎች ነበሩ። ቡናማውና ወፍራሙ ዳቦ ይባላል። ትንሿ ደግሞ ቆሎ። ስም ያወጣችላቸው ልጄ ናት። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጠራቸው «ዳቦ ቆሎ!» ትላለች። የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዚህ አገር ጥንቸል እንደ ድመት የቤት እንስሳ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን ግን «አይበላ፣ አይጠብቅ፤ ምን ያደርግላችኋል?» ብላ ሳቀች።

ዳቦ ባለፈው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሞተ። ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

ዓርብ ማታ የሚወደውን የድንብላል ቅጠል ሰጠነው። አሸተተውና ተወው። «ጠግቦ ይሆናል» አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጥግ ይዞ ኩርምት ብሎ አገኘነው። የሚጸዳዳበት ሳጥን ውስጥ አንድም በጠጥ አልነበረም። (የፍየልና የበግ፣ እንደ ጠጠር ክብ ክብ የሆነው ፍግ በአማርኛ በጠጥ ይባላል። የጥንቸልም እሱን ስለሚመስል እኛ ቤት በዚሁ ስም እንጠራዋለን።) ቀኑን ሙሉ «ትንሽ ጊዜ እንስጠው» እያልኩ ሁሉንም አረጋጋሁ። ማታ ዳቦ ጥርሱን ማፋጨት ጀመረ። በጣም ሲያመው እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም።

ስልክ መደወል የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ክሊኒክ የሚያክመው ውሻና ድመት ብቻ ነበር። ሁለተኛው አላነሳም። ሦስተኛው የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ደረስን፤ ዳቦ ሐኪሟ እጅ ላይ ሞተ።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። «ጥንቸል ግማሽ ቀን ካልበላ ድንገተኛ ሕመም ነው። ሙሉ ቀን በጣም ብዙ ነው» ብቻ አለችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ጠየቀችኝ፦ «አባዬ፣ ትናንት ብናመጣው ይድን ነበር?» መልስ አልሰጠኋትም።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። በእኛ ሥራ ሰርቨር ሲበላሽ ማንቂያ ይልካል፤ ሌሊትም ቢሆን ተረኛውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል። ጥንቸል ተቃራኒ ናት። ዱር ውስጥ ደካማዋን ጥንቸል ቀበሮና ጭልፊት ቀድመው ያገኟታል። ስለዚህ ሕመሟን ትደብቃለች። ታመመች ብላችሁ ስታስቡ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ቆይቷል ማለት ነው።

ሌላው ነገር አንጀቷ ነው። የጥንቸል አንጀት መቆም የለበትም። ቀንም ሌሊትም ድርቆሽ፣ ማለትም የደረቀ ሣር፣ እየበላች አንጀቷን ታንቀሳቅሳለች። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ሣሩን ያብላላሉ። ምግብ መግባት ሲያቆም አንጀቱ ይቀዘቅዛል፤ ጋዝ ይሞላል፤ ጋዙ ያማታል፤ ስላመማት ደግሞ ጭራሽ አትበላም። ጥንቸል ማስታወክም አትችልም። እናቴ ይህን ሳስረዳት «ታመሰኳለች አይደል እንዴ?» አለችኝ። ላም የዋጠችውን መልሳ ስታኝክ አመሰኳች ይባላል፤ በኦሪት ዘሌዋውያንም ጥንቸል ከሚያመሰኩ ግን ከማይበሉ እንስሳት ተቆጥራለች። እውነትም ጥንቸል ምግቧን ሁለቴ ታሳልፋለች፤ ነገር ግን እንደ ላም አይደለም። ለስላሳ የሆነ ልዩ በጠጥ ትጥልና እሱኑ መልሳ ትበላለች። ልጄ ይህን ስትሰማ ፊቷን እንዴት እንዳጨማደደች ብታዩ!

ከዳቦ በኋላ ሳጥን አዘጋጀን። የጫማ ካርቶን የሚያህል፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ጥንቸል አያድንም፤ ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ጊዜ ይገዛላችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ የገባው ዕቃ መድኃኒት ሳይሆን ወረቀት ነው። ክዳኑ ላይ ከውስጥ የሦስት ክሊኒኮች ስልክ ለጥፈናል። በደህና ቀን ደውዬ ሁሉንም ሁለት ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ ጥንቸል ታክማላችሁ? ሌሊትና እሑድስ ማን አለ? በብዙ አገር ጥንቸል «ልዩ እንስሳት» ከሚባሉት ጋር ስለምትመደብ የሰፈር የውሻ ሐኪም ላያያት ይችላል። ይህን በሌሊት ከማወቅ በቀን ማወቅ ይሻላል። ገንዘብም አስቡ። ጀርመን ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የእንስሳት ሐኪም በተረኛ ሰዓት 50 ዩሮ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ የሕክምናው ዋጋም ቢያንስ እጥፍ ይሆናል።

ወረቀቱ የተጻፈው በአማርኛ ነው። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንሄድ ቤት የምትውለው እናቴ ናት፤ ጀርመንኛ አታነብም።

ቀጥሎ ሚዛን። ተራ የኩሽና ሚዛን ይበቃል፤ እስከ አምስት ኪሎ የሚመዝን ይሁን። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ዕቃ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ጥንቸል የደበቀችውን ቁጥሩ ይናገራል። ልጄ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቆሎን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጣ ትመዝናለች፤ ግራሙን ደብተር ላይ ትጽፋለች።

ቴርሞሜትርም ያስፈልጋል፤ ጫፉ የሚተጣጠፍ ዲጂታል። የጤነኛ ጥንቸል ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከእኛ ይበልጣል። የሚለካው በመቀመጫዋ በኩል፣ በቫዝሊን ተቀብቶ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ያሳያችሁ፤ ብቻችሁን አትሞክሩት። ከ38 በታች ከወረደች አደጋ ነው። ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉና ወደ ሐኪም ሂዱ። የቀዘቀዘች ጥንቸል ከመመገቧ በፊት መሞቅ አለባት።

ለማትበላ ጥንቸል የሚሆን ዱቄት ምግብ አለ። ከሣር የተሠራ ነው፤ በለብ ያለ ውሃ እንደ ቀጭን ገንፎ ይበጠበጣል። መጠኑ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። የሚሰጠው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ነው። ከፊት ጥርሷ በስተኋላ፣ በጉንጯ በኩል ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ጥቂት ጠብ አድርጋችሁ እስክታኝክና እስክትውጥ ጠብቁ። ጭንቅላቷን ወደ ላይ አታንሱ፤ ምግቡ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ሆዷ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ከጠጠረ ደግሞ ምንም አትስጧት። አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ይያት።

የቀረው ዕቃ ቀላል ነው። ቁስል ማጠቢያ የሐኪም ጨው ውሃ፣ ፋሻ፣ መቀስ፣ የጥፍር መቁረጫ። ጥፍር ስትቆርጡ ሥጋው ከደማ ትንሽ የበቆሎ ዱቄት አድርጋችሁ ጫን በሉት። ሁለት ፎጣ፤ አንዱ ለመጠቅለያ። ጥንቸል ደንግጣ በኋላ እግሯ ስትራገጥ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች፤ ስለዚህ ስታነሷት ከታች ደግፏት። ወረንጦ የያዝነው ለዝንብ ነው። በበጋ ዝንብ በቆሸሸ ፀጉሯ ላይ እንቁላል ይጥላል፤ አንድ ቀን ሳይሞላው ትሉ ወጥቶ ሥጋዋን ይበላል። ከጅራቷ ሥር በየቀኑ ማየት ነው። አንድ ትል ካያችሁ፣ የምትችሉትን ለቅማችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ደግሞ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ጥንቸል እንደ እኛ አታልብም፤ ሙቀቷን የምታወጣው በዋናነት በጆሮዋ ነው። በፍጥነት ካለከለከችና ከዛለች ጥላ ውስጥ አስገቧት፤ ጆሮዋን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡ። በረዶ ውሃ ውስጥ ግን አትንከሯት።

የክትባት ካርዷም እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። በ2010 ፈረንሳይ ውስጥ የታየው አዲሱ ዓይነት የጥንቸል ደም መፍሰስ በሽታ አውሮፓን አዳርሶ በ2020 በደቡብ ምዕራብ አሜሪካም ተዛምቷል። ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይገድላል፤ ሳጥን ምንም አይረዳም፤ ክትባት ግን አለው።

አሁን ሳጥኑ ውስጥ የማይገባው። ብዙዎቻችን ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አይጠፋም፤ «ለሁሉም ይሆናል» ብለን እናስቀምጠዋለን። ለጥንቸል በአፏ ከተሰጠ አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ጨርሶ ሊገድላት ይችላል። ለውሻና ለድመት ቁንጫ የሚንጠባጠበው ፊፕሮኒል ያለበት መድኃኒትም ጥንቸል ገዳይ ነው። የሰው የሕመም ማስታገሻም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። እነዚህን ሦስቱን ልጄ በቀይ ቀለም ጽፋቸዋለች።

በዚህ ዓመት ጁላይ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ድምፁ ጠፍቷል። ቤት ውስጥ ቆሎ ድንብላሏን አሸተተችና ተወችው። ልጄ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት፤ ከሦስት ቀን በፊት 1,910 ግራም ነበረች፣ አሁን 1,840። ሳጥኗም ውስጥ በጠጥ የለም። ልጄ አማርኛ መናገር እንጂ ረጅም ጽሑፍ ማንበብ ገና አይቀናትም። እናቴ መነጽሯን አደረገችና ከክዳኑ ላይ አንድ በአንድ አነበበችላት። ልጄ ደወለችና በጀርመንኛ አስረዳች፦ መቼ እንዳቆመች፣ ስንት ግራም እንደቀነሰች። ክሊኒኩ አሁኑኑ አምጧት አለ። ታክሲ ጠሩ። እኔ ከስብሰባ ስወጣ አሥራ አራት ያልተነሱ ጥሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ግን ክሊኒክ ደርሰው ነበር።

ራጅ ተነሳች፤ አንጀቷ አልተዘጋም። ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ተሰጣት፣ የሕመም ማስታገሻም ሐኪሟ ሰጠቻት። ሁለት ሌሊት ከባለቤቴ ጋር በየተራ እየተነሳን በሲሪንጅ መገብናት። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ኩሽና ስገባ እናቴ ቆሎን በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋታለች። «አንተ ተኛ፣ ነገ ሥራ አለህ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ጥንቸሏ ዞረች፦ «ነይ እስቲ፣ አንዴ ጉረሺልኝ።»

ሦስተኛው ቀን ጠዋት የቀሰቀሰኝ የልጄ ጩኸት ነው። «አባዬ! በጠጥ! በጠጥ!» ሮጬ ሄድኩ። ሳጥኑ አጠገብ ከአያቷ ጋር ተንበርክካ እየቆጠሩ ነበር። ትንንሽና ደረቅ ናቸው፣ አሥራ አንድ። ቆሎ ጥግ ላይ ድርቆሿን ትቆረጥማለች። ልጄ ደብተሩን ከፍታ ከግራሙ አጠገብ «11» ብላ ጻፈች።