ምች ያልሆነው ሳንባ ምች

አዋቂዎች ለምን የሳንባ ምች ክትባት አይከተቡም ሲባል ሁለት መልስ ይሰጣል፤ ዋጋው ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። ሁለቱም እውነት ነው። ሳንባ ምች የሚያመጣውን ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት ወደ ኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም የገባው በ2004 ዓ.ም. ለሕፃናት ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይወስዱታል። አያቶች የሉበትም።

እኔን ግን ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ስሙ ነው። ምች ማለት ለእኛ ፀሐይ መትቶን በዳማከሴ የምንገላገለው ሕመም ነው። «ሳንባ ምች» ሲባልም ብዙ ሰው የሚገባው ይኸው ነው፤ ካልሆነም «ብርድ መታው» ይላል። ብርድ ላመጣው በሽታ ደግሞ መድኃኒቱ ጋቢ ነው፤ መርፌ ማን ያስባል? ጀርሙ ግን ብርድ አይጠብቅም። በጤነኛ ሰው፣ በተለይም በትንንሽ ልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይኖራል። የልጅ ልጃቸውን አቅፈው የሚስሙ አያት ከዚያው ሊይዛቸው ይችላል።

ሽማግሌ ላይ ደግሞ ትኩሳትና ሳል ላይጎላ ይችላል። እህል ይተዋሉ፣ ይዝላሉ፣ ነገር ይምታታባቸዋል። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ሲጠብቅ ቀናት ያልፋሉ። የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ ኤችአይቪ በደሙ ላለ ወይም ጣፊያው ለወጣ ሰው አደጋው የከፋ ነው። ጀርሙ ደም ውስጥ ሊገባ፣ ማጅራት ገትርም ሊያስከትል ይችላል።

በአሜሪካ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ያላቸው አረጋውያን ለዚህ ክትባት አይከፍሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የሚመከርበት ዕድሜም ከ65 ወደ 50 ዝቅ ብሏል። እኛ ዘንድ ግን ሕመሙን ያመጣው ብርድ ነው ብለው የሚያምኑ እናት በነፃ ቢሰጣቸውም ምን ያደርግልኛል ማለታቸው አይቀርም።

ክትባቱ ሁሉንም ሳንባ ምች አያስቀርም። በሆላንድ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ84 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ክትባቱ ዒላማ ያደረጋቸው የጀርሙ ዓይነቶች የሚያመጡትን ሳንባ ምች በ46 ከመቶ ገደማ፣ ደም ውስጥ የሚገባውን ብርቱ ሕመም ደግሞ በ75 ከመቶ ቀንሷል። እኔ ይህን ትንሽ አልለውም።

ለስኳር ወይም ለልብ መድኃኒት ሐኪም ቤት የሚመላለሱ አባት ወይም እናት ካሉዎት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው ገብተው ስለ ኒሞኮከስ ክትባት ይጠይቁ። ሐኪሙ እስኪያነሣው አይጠብቁ።