ነጥብ ሲካፈል ለሰከንድ

ሦስት የካርቶን ዒላማዎች አንድ አንድ ሜትር ያህል ተራርቀው ቆመዋል። ተወዳዳሪዋ 9 ሜትር ግድም ርቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው፣ እጆቿን ከትከሻዋ በላይ አንሥታ ትጠብቃለች። ከኋላዋ የቆመው ዳኛ የያዘው ሰዓት ቆጣሪ ሲጮኽ ትዞርና ሽጉጧን ትመዛለች፤ እያንዳንዱን ዒላማ ሁለት ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ ካዝና ትቀይራለች፤ ደግማ ሁለት ሁለት ታሳርፍባቸዋለች። በድምሩ 12 ጥይት። ይህ «ኤል ፕሬዚደንቴ» የሚባለው ፈተና ነው። ያወጣው የቀድሞው የአሜሪካ ማሪን ሌተና ኮሎኔል ጄፍ ኩፐር ሲሆን፣ በእሱ ዘመን ሳይስት በ10 ሰከንድ የጨረሰ ሰው ጎበዝ ይባል ነበር። የዛሬዎቹ ምርጦች ከ6 ሰከንድ በታች ይጨርሱታል።

ሒሳቡን እንሥራ፤ ተግባራዊ ተኩስ የሚባለውን ይህን ስፖርት ከሌላው የዒላማ ተኩስ የሚለየው እሱ ነውና። ካርቶኑ ላይ ከሩቅ የማይታዩ መስመሮች አሉ። መሐል ላይ 15 በ28 ሴንቲሜትር የሚሆነው ሳጥን «ኤ» ይባላል፤ 5 ነጥብ ያስገኛል። ዙሪያው «ሲ» ነው፤ 3 ነጥብ። ጠርዙ «ዲ»፤ 1 ነጥብ። ጨርሶ የሳተ ጥይት 10 ነጥብ ያስቀንሳል። የተገኘው ነጥብ ተደምሮ ለፈጀው ሰከንድ ይካፈላል፤ ውጤቱ ያ ነው።

አንዱ ተረጋግቶ 12ቱንም «ኤ» ውስጥ አሳረፈና በ10 ሰከንድ ጨረሰ እንበል፤ 60 ሲካፈል ለ10፣ 6 ይሆናል። ሌላው ቸኮል ብሎ ስድስቱን «ኤ»፣ ስድስቱን «ሲ» መታና በ6 ሰከንድ ጨረሰ፤ 48 ሲካፈል ለ6፣ 8 ነው። ፈጣኑ በለጠ። ይኸው ፈጣን ሰው ግን ከ«ሲ»ዎቹ አንዷን ቢስትስ? የእሷ 3 ነጥብ ይቀርና የ10 ነጥብ ቅጣት ይከተላል፤ 35 ሲካፈል ለ6፣ 5.83። በአንዲት ጥይት ምክንያት ዝግተኛው አለፈው።

«መፍጠን ይሻላል ወይስ አጥርቶ መምታት?» የሚለውን የጀማሪ ጥያቄም የሚመልሰው ይኸው ሒሳብ ነው። ውጤትህ 6 አካባቢ ከሆነ አንድ ሰከንድ ለአንተ 6 ነጥብ ያወጣል ማለት ነው። «ሲ»ን ወደ «ኤ» መቀየር የሚጨምርልህ 2 ነጥብ ነው፤ የሰከንድ ሲሶ ዋጋ። ከሲሶ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አስተካክለህ ማነጣጠር ከቻልክ አስተካክል፤ ካልቻልክ ተኩሰህ እለፍ። ዒላማው በክንድ ርቀት ሲሆንና 25 ሜትር ሲርቅ መልሱ የሚለያየውም ለዚህ ነው። ጥሩ ተወዳዳሪ የሚባለው ሁሉንም በአንድ ፍጥነት የሚተኩስ ሳይሆን የትኛው ዒላማ ምን ያህል ጊዜ እንደሚገባው የሚያውቅ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በካሊፎርኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኩፐርና ጓደኞቹ ቢግ ቤር በሚባል የተራራ ከተማ የፈጣን ተኩስ ግጥሚያ ያዘጋጁ ነበር። በዚያን ጊዜ ሽጉጥ በአንድ እጅ የሚተኮስ፣ ቅርብ ሲሆንም ከወገብ ሳያነጣጥሩ የሚተኮስ መሣሪያ ተደርጎ ነበር የሚታየው። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ምክትል ሸሪፍ የነበረው ጃክ ዊቨር ግን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እስከ ዓይኑ ከፍ አድርጎ፣ አነጣጥሮ ይተኩስ ነበር። ያሸንፍም ነበር። ሌሎቹ ተከተሉት። ዛሬ የፊልም ፖሊስ ሁሉ በሁለት እጁ ይዞ የምናየው ሽጉጥ የዚያ ሜዳ ውርስ አለበት።

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1975 በዙሪክ ተካሄደ፤ አሸናፊው አሜሪካዊው ሬይ ቻፕማን ነበር። በቀጣዩ ዓመት በሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ አይፒኤስሲ፣ ተመሠረተና ኩፐር የመጀመሪያው ፕሬዚደንት ሆነ። የአሜሪካው ቅርንጫፍ ዩኤስፒኤስኤ በ1984 ተቋቋመ። ስፖርቱ ኦሎምፒክ ውስጥ የለም፤ ግን በርካታ አገሮች ውስጥ አለ። የዓለም ሻምፒዮናው በ2017 ፈረንሳይ፣ በ2022 ታይላንድ ተደርጓል፤ በእኛ አህጉር ደግሞ ደቡብ አፍሪካ አስተናግዳለች። ለረጅም ጊዜ የበላይ ሆኖ የኖረውም አሜሪካዊ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ኤሪክ ግሮፌል ነው።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ይህ ውድድር ከውጊያ ልምምድ ይነሣ እንጂ ዛሬ ጨዋታ ነው። ተወዳዳሪው ግድግዳውን የሚጠጋው እንዳይመታ አይደለም፤ ሰከንድ እንዳይባክንበት ነው። ጨዋታነቱ ያላስደሰታቸው ሰዎች በ1996 አይዲፒኤ የሚባል ሌላ ማኅበር መሥርተዋል፤ እዚያ ሽጉጡ ከልብስ ሥር ተደብቆ ይያዛል፤ ከለላ መጠቀምም ግዴታ ነው። ሁለቱም ደስ ይላሉ። ራስን መከላከል እማራለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ግን ሁለቱም ጋ ያን ያህል እንዳይጠብቅ እመክራለሁ።

አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ክለብ በወር አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ይወዳደራል። (እሑዱ ከቅዳሴ ጋር ስለሚጋጭ ቅዳሜ የሚያደርግ ክለብ መፈለግ ነው።) በሦስት ጎን በአፈር ክምር የታጠረ እያንዳንዱ ሜዳ አንድ «ስቴጅ» ይይዛል፤ የእንጨት ፍሬም፣ በርሜል፣ በር፣ መስኮት፣ ሲመቱት የሚወድቅ ብረት፣ ብረቱ ሲወድቅ መወዛወዝ የሚጀምር ካርቶን። ሰው እንዲመታው የማይፈለግ ነጭ ዒላማም በመሐል ይሰካል፤ እሱን የመታ 10 ነጥብ ይቀጣል። ትልቁ ስቴጅ 32 ጥይት ይጠይቃል። በምን ቅደም ተከተል፣ ከየት ቆሞ ይተኮስ የሚለውን ደንቡ ባብዛኛው አይነግርህም፤ ራስህ ታቅዳለህ።

ዕቅዱ የሚወጣበት ሰዓት መታየት ያለበት ነው። ዳኛው ስቴጁን ካስረዳ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ለጉብኝት ይሰጣል። ያኔ ሽበታም ሐኪም፣ ጡረተኛ ወታደር፣ የኮሌጅ ተማሪ፣ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ዘርግተው፣ ጣታቸውን እንደ ሽጉጥ ቀስረው፣ በከንፈራቸው እየቆጠሩ እርስ በርስ እየተላለፉ ይመላለሳሉ። አንዱ በር ላይ ቆም ይልና ወደ ኋላ ተመልሶ እርምጃውን እንደገና ይለካል። ካዝና የት እንደሚቀየር የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲሄዱ መቀየር ጊዜ አያስወጣም፤ ቆመው መቀየር ግን ከአንድ ሰከንድ በላይ ይበላል። ከዚያ ተራ በተራ ይተኮሳል። ተራው ያልሆነ ሁሉ የተበሳውን ካርቶን በተለጣፊ ወረቀት ይደፍናል፤ የወደቀውን ብረት ያነሣል። ይህን ሥራ የሚሸሽ ሰው ቶሎ ስም ይወጣለታል።

ጀማሪው ግን የሚመዘነው በነጥብም በሰዓትም አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ፣ ጣቱም የት እንዳለ ነው።

ሜዳው «ቀዝቃዛ» ይባላል፤ በዳኛ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ማንም የጎረሠ ሽጉጥ አይይዝም። ሽጉጡ ባዶውን አፎቱ ውስጥ ይውላል። መነካካት የፈለገ ወደ ደህንነት ጠረጴዛ ይሄዳል፤ እዚያ ሽጉጥ ማውጣት ይፈቀዳል፤ ጥይት መንካት ግን፣ የልምምዱ የውሸት ጥይት እንኳ ቢሆን፣ ክልክል ነው። ተራህ ሲደርስ ዳኛው «ሜክ ሬዲ» ይላል፤ ያኔ ብቻ ካዝና ታስገባለህ፤ ታቀባብላለህ። «አር ዩ ሬዲ?» ይጠይቃል። «ስታንድ ባይ» ካለ በኋላ ከአንድ እስከ አራት ሰከንድ ውስጥ ሰዓቱ ይጮኻል። ስትጨርስ ጥይቱን አውጥተህ ባዶነቱን ታሳየዋለህ፤ ወደ አፈሩ አነጣጥረህ ቃታውን አንድ ጊዜ በባዶው ትስብና ወደ አፎቱ ትመልሰዋለህ። ከዚያ በፊት ማንም ወደ ዒላማዎቹ አይራመድም።

አፈሙዙ ከፊት ለፊት ካለው የአፈር ክምር ጋር ትይዩ ከሆነው መስመር አልፎ ወደ ኋላ ከዞረ፣ ውድድሩ ለዚያ ሰው በዚያው ያበቃል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጀማሪ በብዛት የሚሰናከለው ወደ ግራ እየሮጠ ካዝና ሲቀይር ነው። ካዝናውን ለመክተት ሽጉጡን ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ገላውም ወደ ግራ ዞሯል፤ ሁለቱ ሲደመሩ አፈሙዙ ሳያውቀው ተመልካቾቹን ያያል። ጣትም እንዲሁ ነው። ሲራመዱ፣ ካዝና ሲቀይሩ፣ የተነከሰ ጥይት ሲያስለቅቁ ጣት ከቃታ መከለያው ውጭ፣ ዳኛው በግልጽ በሚያየው ቦታ መሆን አለበት። የወደቀ ሽጉጥ ደግሞ አይነሣም፤ ዳኛው ያነሣዋል። ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፦ ገና እንደ ተተኮሰች የምትወጣ የጋለች ቀለህ አንገትጌ ውስጥ ስትገባ ሰው ደንግጦ ይዞራል፤ ሽጉጡም አብሮ። ስለዚህ አንገቱ ጠበብ ያለ ቲሸርትና ግንባረ ሰፊ ኮፍያ የደህንነት ዕቃ ነው።

ደንብ ጥሶ ከውድድር መውጣት ነውር ተደርጎ አይታይም። የወጣው ሰው መሣሪያውን መኪናው ውስጥ ቆልፎ ተመልሶ ካርቶን ሲደፍን ይውላል፤ በሚቀጥለው ወር ይመጣል።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የማነሣው አለኝ። መሣሪያ ባለበት ቤት ያደገ፣ ጠመንጃ በትከሻ አጋድሞ መሄድን፣ በሠርግ ወደ ሰማይ መተኮስን እያየ ያደገ ሰው «እኔ መሣሪያ አውቃለሁ» ብሎ ይመጣል። መተኮሱን ያውቅ ይሆናል። አፈሙዝን ለአፍታ እንኳ አለመዘንጋት ግን ሌላ ልማድ ነው። እንዲያውም መሣሪያ ነክቶ የማያውቅ ሰው ቶሎ ይለምደዋል፤ የሚተወው ነገር የለውምና።

ዕቃን በተመለከተ፦ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለቦታው ያፈሳል። ሙሉ መጠን ያለው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ፣ ግሎክ 17 ወይም የእሱ ቢጤ፣ ይበቃል። 9 ሚሊ ሜትር ጥይት በደንቡ «ማይነር» ይባላል። እርሳሷ በግሬይን የምትመዝነው፣ በሰከንድ በምትጓዘው ጫማ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል ቢያንስ 125 መሆን አለበት፤ ከሱቅ የሚገዛው ጥይት ባብዛኛው ያሟላዋል። ሀያል ጥይት የሚተኩሱት፣ በ«ሜጀር» ምድብ፣ «ሲ» ሲመቱ 4፣ «ዲ» ሲመቱ 2 ያገኛሉ፤ ለጀማሪ ግን ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። ገንዘብ የሚገባው አፎቱ ላይ ነው። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ወገብ ላይ በውጭ በኩል የሚታሠር ይሁን፤ የጨርቁና ብብት ሥር የሚንጠለጠለው አይሆንም። ጠንካራ ቀበቶ፣ አራት ወይም አምስት ካዝና ከነመያዣው፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ 200 ያህል ጥይት፤ በቃ። ቀይ ነጥብ ያለው ማነጣጠሪያ የገጠመ ሽጉጥ «ኬሪ ኦፕቲክስ» በሚባለው ምድብ ይመደባል፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ከእሱ ቢጀምር አይቆጨውም።

የዩኤስፒኤስኤ አባል ከሆኑ በኋላ በየውድድሩ መሐል በሚደረጉ መደበኛ ፈተናዎች ደረጃ ይሰጣል፤ ከ«ዲ» ተነሥቶ በ«ሲ»፣ «ቢ»፣ «ኤ» እና ማስተር አልፎ እስከ ግራንድ ማስተር ይደርሳል። ግራንድ ማስተር ማለት ለዚያ ፈተና ከተቀመጠው ከፍተኛ ውጤት 95 በመቶና በላይ የሚያመጣ ነው። ኤል ፕሬዚደንቴም ከፈተናዎቹ አንዱ ነው። ከወር እስከ ወር የሚያሻሽለው ግን ሜዳው ሳይሆን ቤት ውስጥ በባዶ ሽጉጥ የሚደረገው ልምምድ ነው፤ ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ተረጋግጦ፣ መምዘዝና ካዝና መቀየር በቀን አሥር ደቂቃ።

ሕጉን አስቀድሞ ማጣራት የእያንዳንዱ ኃላፊነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ ሽጉጥ መያዝ ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በፌዴራል ሕግ አይፈቀድለትም። ሜሪላንድ ሽጉጥ ከመግዛት በፊት ሥልጠናና የጣት አሻራ የሚጠይቅ ፈቃድ አላት፤ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ምዝገባ ትጠይቃለች። ከግዛት ግዛት የሚያቋርጥ ሰው ሽጉጡን ባዶ አድርጎ፣ በተቆለፈ ሣጥን፣ ከጥይቱ ለይቶ በመኪናው ኋላ ይጫን።

ሽጉጥ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ቀን ባዶ እጃችሁን ሂዱ። የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ ውኃና ጭቃ የሚችል ጫማ ብቻ ያዙ። ለአዘጋጁ አዲስ መሆናችሁን ንገሩት፤ ከአንድ ቡድን ጋር ያስጠጋችኋል። ካርቶን ድፈኑ፤ ጠይቁ። ምሳ ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠቡ፤ ዒላማውም ቀለሁም እርሳስ አለበት።