የባትሪ ግሪፕ ሒሳብ፣ ከአርጆ ሲታይ

ባለፈው ጥር ወለጋ ውስጥ አርጆ አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። የሙሽራዋ አባት እጃቸውን ዘርግተው ምርቃት ሲጀምሩ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከዓይኑ አውርዶ ኪሱን መዳበስ ያዘ። ከጃኬቱ ኪስ አንድ ባትሪ አወጣ፤ የወጣለት ግን ያለቀው ነበር። ከሌላው ኪስ ሁለተኛውን አወጣና ያለቀውን «ጋሼ፣ ይቺን ይያዙልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ባትሪው ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ጀርባው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ «2» ተጽፎበታል። የካሜራውን ክዳን ዘግቶ ቀና ሲል አባት አሜን አስብለው ጨርሰዋል።

ማታ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ስልኩን አሳየኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ የሁለት ባትሪ ግሪፖችን ፎቶ በቴሌግራም ልኮለታል። አንዱ «ኦሪጅናል» ነው፣ ሌላው «ኮፒ»፤ በዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የትኛውን ልግዛ ነበር ጥያቄው። እዚያው እንደመጣልኝ መመለስ አልፈለግሁም፤ ነገሩ ውስጥ ምንዛሪም፣ ግብርም፣ መብራትም፣ መንገድም አለበት።

ግሪፕ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከካሜራው ሥር የሚታሰር፣ ሁለት ባትሪ የሚይዝ፣ ካሜራውን ወደ ጎን አዙሮ ለማንሳት ሁለተኛ መጫኛ ያለው ዕቃ ነው። ሚረርለስ የሚባሉት ካሜራዎች ሲመጡ የበለጠ ተፈላጊ ሆነ። የቀድሞዎቹ ካሜራዎች በመስታወትና በመነጽር ስለሚያሳዩ ዓይንን አስጠግቶ ለማየት ብቻ ብዙ ባትሪ አይበሉም። ሚረርለሱ ግን ሴንሰሩና ትንሿ ስክሪን እንደበሩ ነው የሚውሉት። ልዩነቱ በአምራቾች መለኪያ ራሱ ይታያል፤ መስታወት ያለው ኒኮን ዲ850 በአንድ ባትሪ 1,840 ፎቶ ሲያነሳ የዚህ ፎቶ አንሺ ልጅ ካሜራ፣ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3፣ 710 ያህል ነው። ቪዲዮ ሲጨመርበት ቁጥሩ ይወርዳል። ሰርግ ደግሞ ከማለዳ እስከ ማታ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ለኤ7 ማርክ 3 ሶኒ ራሱ የሠራው ግሪፕ ቪጂ-ሲ3ኢኤም በውጭ ገበያ 350 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ያ ግሪፕ በደረቁ 20 ሺሕ ብር ያህል ነበር። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 52 ሺሕ 500 ይሆናል። ዕቃው ያው ነው፤ አንድ ብሎን አልተጨመረበትም። በሌላ ኩባንያ የተሠራው፣ ለምሳሌ የቻይናዎቹ ሜይኬ ወይም ኒወር የሚሸጡት ዓይነት፣ 80 ዶላር ቢሆን በዚያው ስሌት 12 ሺሕ ብር ነው።

ይህ ግብር ሳይነካው ነው። አንድ ዕቃ በሕጋዊ መንገድ 100 ብር ዋጋ ይዞ ድንበር ሲገባ፣ የጉምሩክ ቀረጡን ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበትና 115 ይሆናል። ሱር ታክሱ 10 በመቶ የሚታሰበው ከ100ው ሳይሆን ከ115ቱ ላይ ነው፤ 126 ብር ከ50 ደረሰ። 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ ሲገባበት 129 ብር ከ50። ከዚያ በላይ ቀረጡ፣ የአስመጪው ትርፍ፣ የቸርቻሪው ትርፍ አለ። የካሜራ ዕቃ በብዛት ከዱባይና ከቻይና በመንገደኛ ሻንጣ የሚመጣው ለዚህ ነው። በሻንጣ የመጣ ዕቃ ደግሞ ደረሰኝም ዋስትናም የለውም። ገዢው በዋጋ ያተረፈውን በዋስትና ይከፍላል፤ አርጆ ላለ ገዢ ይህ ከባድ ክፍያ ነው።

ገበያችን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም «ኮፒ» ብሎ መጥራቱ ብዙ ሰው ጎድቷል። በራሱ ስም፣ በራሱ ካርቶን ግሪፕ ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ አለ፤ ይህ ሌላ አምራች ነው እንጂ አጭበርባሪ አይደለም። የሶኒን ወይም የካኖንን ስም ለጥፎ የሚሸጥ ደግሞ አለ። የመጀመሪያውን ያለ ሐፍረት ግዙ እላለሁ። ሁለተኛውን ግን በነጻ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት፤ በስሙ የዋሸ ሰው በውስጡ ስላለው ሽቦ እውነት ይናገራል ብዬ አላምንም።

«ኦሪጅናል» የሚለው ቃልም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኒኮን ለመጀመሪያዎቹ ዜድ6 እና ዜድ7 ያወጣው ኤምቢ-ኤን10 ባትሪ ከመጨመር ውጭ መጫኛ እንኳ የለውም። በሌላ በኩል የሶኒ ኤ6000 ቤተሰብ ካሜራዎች ሥራቸው ለግሪፕ የሚሆን መገናኛ ስለሌለው ሌሎች አምራቾች መጫኛውን በትንሽ ገመድ ከካሜራው ጎን ያገናኙታል። ያች ገመድ በሰርግ ግፊያ መሀል ትያዛለች፣ ትነቀላለች።

ሞዴል ላይ ደግሞ ልጁን አጥብቄ አስጠንቅቄዋለሁ። ኤ7 ማርክ 3 እና ኤ7 ማርክ 4 አንድ ዓይነት ባትሪ፣ ኤንፒ-ኤፍዜድ100፣ ይጠቀማሉ። ግሪፓቸው ግን አንድ አይደለም፤ የማርክ 4 ቪጂ-ሲ4ኢኤም ነው። «የሶኒ ነው፣ ይገባል» በሚል ቃል የተገዛ ግሪፕ ነቀምት ሲደርስ የማይገባ ከሆነ 330 ኪሎ ሜትር ተመልሶ አዲስ አበባ መሄድ አለበት። አርጆ ደግሞ ከነቀምት በበደሌ መንገድ ወዲያ ነው። ወለጋ ውስጥ መንገድ እንዴት እንደሚታሰብ፣ ሰው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳና ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማይንቀሳቀስ ለአገሩ ሰው አልነግረውም።

ሒሳቡ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ባለ ሁለት ባትሪ ግሪፕ የገዛ ሰው ሁለተኛ ባትሪም ገዝቷል ማለት ነው፤ ካሜራው የሚመጣው በአንድ ነውና። ትክክለኛው ኤንፒ-ኤፍዜድ100 ወደ 80 ዶላር ይሸጥ ነበር። ርካሹ ግሪፕና አንድ ባትሪ ስለዚህ እኩል ይመዝናሉ፤ በኦሪጅናሉ ግሪፕ ዋጋ ግን አራት ባትሪ ይገዛል። ጥያቄው ያኔ ይቀየራል። በ12 ሺሕ ብር ግሪፕ ይሻላል ወይስ ባትሪ?

መልሱን የሚሰጠው መብራት ነው። አንድ ኤንፒ-ኤፍዜድ100 በራሱ ቻርጀር ባዶ ከነበረ ሞልቶ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል። ልጁ ሦስት ባትሪና አንድ ቻርጀር አለው፤ ስለዚህ ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኩል ያልተቋረጠ መብራት ማግኘት አለበት፣ በየመሀሉም ነቅቶ መቀያየር አለበት። ከሰርጉ በፊት ባለው ሌሊት መብራቱ ሄዶ ሲነጋ ነበር የመጣው። ወለጋ ፊንጫን ያህል የኃይል ማመንጫ ያለው አገር ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት ያለው የሕዳሴ ግድብም ጎረቤቱ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል ከማከፋፈያ መስመሩ እስከ አንድ ፎቶ ቤት ሶኬት ድረስ ሳይቆራረጥ ካልደረሰ፣ ሠራተኛው ጉድለቱን በራሱ ብር እየገዛ ይሸፍነዋል። ይህን ወጪ ማንም አይመዘግበውም፤ እኔን የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው።

ግሪፕ ኃይል አያመነጭም፤ የሞላ ባትሪ ይይዛል እንጂ። ስለዚህ ምክሬ በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ሁለት ባትሪ አብሮ የሚሞላ ቻርጀር። ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ ባትሪ፣ እሱም ኦሪጅናል፤ በዚያው መጠን ባለ ቅርፊት ላይ ከኦሪጅናሉ 2,280 ሚሊ አምፒር ሰዓት እጅግ የሚበልጥ ቁጥር የተጻፈበት ባትሪ ካያችሁ ቁጥሩን አትመኑ። ከዚያ 20 ሺሕ ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ። 74 ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ የካሜራው ባትሪ 16.4 ስለሆነ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ወደ ሦስት ጊዜ ይሞላል። ካሜራው በዩኤስቢ እየተመገበም ይሠራል፤ ትሪፖድ ላይ ተቀምጦ ለሚቀረጽ የኬክ ቆረሳ ቪዲዮ ከዚህ የተሻለ የለም።

ግሪፑ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል፤ የሌላ ኩባንያም ይሁን። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ። ግሪፑ ቢበላሽ ሥራው መቆም የለበትም። ጥገና ሱቅ በእግር በሚደረስበት ከተማ ያለ ፎቶ አንሺ በጥራት ሊመርጥ ይችላል፤ አርጆ ያለው ግን ሲበላሽ ምን ይዞ እንደሚቀጥል አስቦ ነው የሚገዛው። ግሪፑ ሲታሰር የካሜራው የባትሪ ክዳን ተነቅሎ ይወጣል። አንዳንዱ ግሪፕ ለክዳኑ ማስቀመጫ ጎድጓዳ አለው፤ ከሌለው ክዳኑ ከቦርሳው ኪስ መለየት የለበትም። ግሪፑ መሀል ላይ አልሠራም ካለ፣ አንድ ብሎን ፈትቶ፣ ባትሪውን ካሜራው ውስጥ ከትቶ፣ ክዳኑን መልሶ ማንሳት ነው። ይህን ቤት ሆኖ ደጋግሞ ይለማመደው። ሰርግ ቦታ የመጀመሪያው እንዳይሆን።

ከመክፈሉ በፊት ሱቁ ውስጥ፣ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በወኪልነት፣ ግሪፑን አስሮ ይነቅንቀው። ከተወዛወዘ ይተወው። መጫኛውን በግማሽ ሲጫነው ካሜራው ፎከስ ማድረግ አለበት፤ በኃይል ሲጫኑት ብቻ የሚሠራ መጫኛ ፎቶ ያበላሻል። ስክሪኑ የሁለቱንም ባትሪ መጠን ለየብቻ ካላሳየ ለምን እንደሆነ ይጠይቅ። ሌላው ፈተና የአንድ ሌሊት ነው፤ ካሜራውን አጥፍቶ ከነግሪፑ ያሳድረው፣ ጠዋት መጠኑን ያንብብ። በደንብ ያልተሠራ ግሪፕ ካሜራው ጠፍቶም ባትሪ ይበላል። ለዚህ ሲባል የአንድ ሳምንት የመመለሻ ቃልና ደረሰኝ ለማግኘት ጥቂት መቶ ብር መጨመር ያዋጣል።

ክብደቱም አለ። ካሜራው ያለ ሌንስ 650 ግራም ነው፤ ግሪፕና ሁለተኛ ባትሪ ሲጨመሩበት ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ቀኑን ሙሉ በአንድ እጅ።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩለት። ባለ ሁለት ባትሪ ቻርጀሩንና አራተኛውን ባትሪ ገዝቷል፤ ፕላስተር ለጥፎ «4» ብሎ ጽፎበታል። ግሪፑን ዕቁቡ ሲደርሰው እገዛለሁ አለኝ። ለነጋዴው የሚልከውን መልእክት አስነበብኩትና «የሶኒ ግሪፕ» ብቻ ይላል። አስጠፋሁትና እንደገና አስጻፍኩት፦ የኤ7 ማርክ 3።