ቢመር፦ በጽሑፍ የሚሠራ ስላይድ

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የምትርቀው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፍጥነት መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጉዞው ይበልጥ ቀሏል። መሥሪያ ቤቶች ሥልጠናቸውንና ግምገማቸውን ይዘው ወደ ሆቴሎቿ አዳራሾች ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 በናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅነት የተጀመረው የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በየዓመቱ ተመራቂዎቹን ለዲፌንስ ያቀርባል። በሆቴሉም ሆነ በግቢው ስላይድ የሌለበት ቀን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስላይድ በአማርኛ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው አንድ ሥጋትም አብሮ ያውቃል። ቤት ውስጥ አምሮ የተሠራው ሥራ በፍላሽ ተይዞ ይመጣል፤ በአዳራሹ ኮምፒውተር ሲከፈት ግን የተጻፈበት ፎንት እዚያ ስለሌለ ፊደሉ ባዶ ሳጥን፣ ወይም በድሮው የፎንት አሠራር የተጻፈ ከሆነ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። አቅራቢው ጎንበስ ብሎ ፎንት ሲያፈላልግ የተሰጠው ደቂቃ ያልቃል።

ይህን ሥጋት ከሥሩ የሚነቅል፣ ለቀላልና ለጠራ ስላይድም የተመቸ መሣሪያ አለ። ቢመር ይባላል። ላቴክ በተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ሥርዓት ላይ የተሠራ ሲሆን፣ በነፃ የሚገኝ ነው። ቢመር ሲከፈት ባዶ ገጽ፣ የሚጎተት ሳጥን፣ የቀለም ሰሌዳ አይቀርብም። ተጠቃሚው ተራ የጽሑፍ ፋይል ይከፍትና የሚናገረውን ይጽፋል፤ የት ላይ አዲስ ስላይድ እንደሚጀምር፣ የቱ ርዕስ፣ የቱ ዝርዝር፣ የቱ ሥዕል እንደሆነ በአጫጭር ትእዛዞች ያመለክታል። ፋይሉን ኮምፓይል ሲያደርገው ፕሮግራሙ ሁሉንም አንብቦ ፒዲኤፍ ያወጣለታል። ፎንቱ በፒዲኤፉ ውስጥ ተካቶ ስለሚሄድ አዳማ ላይ የታየው ሻሸመኔም ባቱም ላይ እንደዚያው ይታያል። በሌላ ፕሮግራም የተሠራን ስላይድም ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መያዝ ይቻላል፤ ለማንም የምመክረው ነው። በቢመር ግን ከመጀመሪያው ሌላ መንገድ የለም፤ የሚወጣው ፒዲኤፍ ብቻ ነው።

የነገሩ ሥር ወደ ካሊፎርኒያ ይወስዳል። የስታንፎርዱ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጽሐፉ ሁለተኛ ቅጽ ለአዲስ እትም ሲሰናዳ የመጣለትን የሙከራ ኅትመት አየ። በአዲሱ የኅትመት ዘዴ የተለቀመው ፊደል ከቀድሞው እትም አንፃር እጅግ አስቀያሚ ሆኖበት፣ የሒሳብ ጽሑፍን በውበት የሚያቀናብር ፕሮግራም ራሱ ሊሠራ ተነሣ። ያ ሥራ ቴክ ተባለ። ቴክ እያንዳንዱን ፊደል ቁመትና ወርድ እንዳለው ሳጥን ያየዋል፤ በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት ደግሞ ሊለጠጥና ሊጨመቅ እንደሚችል ነገር ይቆጥረዋል። ከዚያ መስመሩን የት እንደሚቆርጥ የሚወስነው አንድ መስመር ብቻ አይቶ ሳይሆን አንቀጹን በሙሉ መዝኖ ነው። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ በቴክ ላይ ላቴክን ሠራ፤ ዓላማው ጸሐፊው ስለ ይዘቱ እንዲያስብ፣ የገጹን ቅርጽ ለሥርዓቱ እንዲተው ነበር። ጀርመናዊው ቲል ታንታው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የዶክትሬት ዲፌንሱን ለማቅረብ ብሎ የመጀመሪያውን ቢመር አዘጋጀ። ሥራውን ያዩ ባልደረቦቹ ስለጠየቁት ከወር በኋላ ለሁሉም ለቀቀው። የዲፌንስ ጭንቀት የወለደው መሣሪያ ስለሆነ ለአዳማ ተመራቂዎች ባዳ አይደለም።

የእኛ ፊደል ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረም። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በላቴክ አማርኛ የመጻፍ ጥረት ግን ያን አልጠበቀም። ብርሃኑ በየነ ከሀምቡርግ ባልደረቦቹ ከማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ከኦላፍ ኩመርና ከዮኸን ሜትዚንገር ጋር ኢትዮፕ የተባለውን ጥቅል አዘጋጅቷል። ጸሐፊው ድምፁን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ ጥቅሉ ወደ ፊደላችን ይለውጥለታል። ዛሬም በላቴክ የጥቅሎች ማከማቻ ውስጥ ይገኛል። አሁን ግን ያን ያህል መድከም አያስፈልግም። ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ የተባሉት አዳዲስ የላቴክ ዓይነቶች ዩኒኮድን በቀጥታ ስለሚያነቡ አማርኛውን እንደ ወትሮው መተየብ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ጀማሪን ሁሉ ያደናቅፋል። ቢመር ሲጀመር የሚጠቀመው ፎንት የላቲን ነው፤ የእኛን ፊደል አያውቅም። ፎንት ሳይመርጡ አማርኛ ጽፈው ኮምፓይል ቢያደርጉ ሥራው ያለ ስሕተት መልእክት ያልቃል፤ ስላይዱ ግን ባዶ ነው። የጎደሉት ፊደላት ተመዝግበው የሚገኙት ማንም በማይከፍተው የመዝገብ ፋይል ውስጥ ነው። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ ፎንትስፔክ በተባለው ጥቅል አማካይነት ዋናው ፎንት የኢትዮጵያ ፊደል ያለው እንዲሆን ማዘዝ። ቢመር በተለምዶ ጫፉ ያልተቀጸለ (ሳንስ ሰሪፍ የሚባለውን) የፊደል ዓይነት ስለሚጠቀም ትእዛዙ ለዚያኛው ዓይነት መሰጠቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የትኛው ፎንት? አቢሲኒካ የብራና ጽሕፈትን መልክ የያዘ ውብ ፎንት ነው፤ ለመጽሐፍ እመርጠዋለሁ። በፕሮጀክተር ብርሃን ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ይሟሟሉ። ለስላይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሻላል፤ የመስመሩ ውፍረት የተመጣጠነ ነው፤ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃም አለው። ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። በፊደላችን ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ሰ እና ሸ የሚለያዩት በአናታቸው ባለ ትንሽ ምልክት ነው፤ ካዕብና ሣልስም የሚታወቁት ከጎን በወጣች ጭረት ነው። የላቲን ጽሑፍ ሲያንስ አንባቢው ቃሉን ሊገምት ይችላል፤ የእኛ ሲያንስ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ድምፁ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚበቃ የፊደል መጠን በአማርኛ አይበቃም።

ቢመር ለዚህ የሚረዳ አሠራር አለው። የአንድ ስላይድ መደበኛ ስፋት 128 በ96 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ የሚጻፈው 11 ነጥብ ፊደል መጠኑ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 2 ሜትር ስፋት ባለው ሸራ ላይ ሲጣል ገጹ ከ15 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ የፊደሉ መጠንም ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ገጹ ትንሽ መሆኑ ብዙ እንዳይጻፍ ይከለክላል። ጽሑፉ ከበዛ ከግርጌ ተርፎ ይወጣል፤ ፕሮግራሙ ፊደሉን በስውር አሳንሶ አያጭቅም። እንዲያሳንስ የሚያዝዝ አማራጭ አለ፤ የቢመር መመሪያ ራሱ ግን እንዳይነካ ይመክራል፤ ምክሩ ትክክል ነው። ጽሑፍ ከተረፈ መቀነስ ያለበት ጽሑፉ ነው።

መመሪያው ለአንድ ስላይድ ከ20 እስከ 40 ቃል ይመድባል፤ ከ80 እንዳያልፍ ያስጠነቅቃል። ልኩ ለእንግሊዝኛ የተሰፋ ነው። አንድ የአማርኛ ግስ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውንና ምክንያቱን አዝሎ ይመጣልና ለእኛ 15 ቃል ብዙ ነው። የግሱ ቦታም ልብ ሊባል ይገባል። አማርኛ ሐሳቡን የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ነው፤ ርዕሱ ሁለት መስመር ከሆነ ታዳሚው ሁለተኛውን መስመር እስኪያነብ ድረስ ምን እንደተባለ አያውቅም፤ በዚያ መካከል ተናጋሪው ወደ ሌላ ነገር አልፏል። ርዕስ በአንድ መስመር የሚያልቅ፣ ግስ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቢሆን እመርጣለሁ። «መግቢያ»፣ «ዳሰሳ»፣ «ውጤት» የሚሉ ርዕሶች ለታዳሚው የሚነግሩት ነገር የለም።

ከአዳማ አቅራቢያ ባሉ ከፍታዎች ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ተርባይኖች እንውሰድ። ስለ እነርሱ የሚያቀርብ የምህንድስና ተማሪ በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ሁሉንም ለመጫን ይፈተናል፦ አዳማ አንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ጀመረ፣ 34 ተርባይን አለው፣ 51 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ አዳማ ሁለት በ2015 ተከተለ፣ 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋ ዋት፤ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ፣ ከዚያ ቀመሩ። ሁሉም እውነት ነው፤ ታዳሚው ግን የትኛውን ይዞ እንደሚሄድ አያውቅም። የተማሪው ጥያቄ ተርባይን የሚተከልበት ቦታ ምርጫ ከሆነ የሚያስፈልገው አንድ ሐሳብ ነው። ርዕሱ «የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 8 እጥፍ ይሆናል» ይላል። ከሥሩ ቀመሩ ብቻውን በመካከል ይቀመጣል፦ ኃይል ማለት የአየሩ እፍግታ፣ ክንፉ የሚጠርገው ስፋትና የፍጥነቱ ኩብ ተባዝተው ግማሻቸው ነው። ከቀመሩ ሥር ሽቅብ የሚወጣ አንድ ኩርባ። በቃ። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ማለቱን፣ ያም ኃይሉን በመጠኑ እንደሚቀንሰው ተማሪው በቃል ይናገራል። የተርባይኖቹ ቁጥር ደግሞ በሌላ ስላይድ በትንሽ ሰንጠረዥ ይመጣል።

ላቴክ ወደር የሌለው በዚህ ቀመር ላይ ነው። ክኑዝ የደከመው ለሒሳብ ነውና ኩቡ በቦታው፣ የክፍልፋዩ መስመር በልኩ ይወጣል። ኩርባውን ታንታው ራሱ ባዘጋጀው ቲክዝ በተባለ የሥዕል ቋንቋ በዚያው ፋይል ውስጥ መሣል ይቻላል፤ ቁጥሩ ሲቀየር ሥዕሉም አብሮ ይቀየራል። አድቫይዘሩ ከዲፌንሱ በፊት ባለው ሌሊት አንድ ቁጥር እንዲታረም ቢያዝዝ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ማስጌጫውን በተመለከተ ሐሳቤ አጭር ነው፦ ይቀነስ። ቢመር ከታች በቀኝ በኩል ደብዘዝ ያሉ የመሸጋገሪያ ቁልፎች ያስቀምጣል፤ ማንም አይጫናቸውም፤ በአንድ ትእዛዝ ይጠፋሉ። በአማርኛ ዘንበል ያለ ፊደል ባህል ስለሌለን ቃልን ለማጉላት ቀለም ይሻላል፤ ቢመር ለዚሁ ቃሉን በቀይ የሚያወጣ ትእዛዝ አለው። የመስመር ክፍተቱም ከላቲኑ ሰፋ ይበል፤ ፊደሎቻችን ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ መስመሮቹ ቶሎ ይጨናነቃሉ። በአዳማ ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥመው አማርኛና በቁቤ የተጻፈ አፋን ኦሮሞ በአንድ ስላይድ ከመጡ፣ ሁለቱም ከኖቶ ቤተሰብ ቢሆኑ ውፍረታቸው ይስማማል፤ አንዱ ጎልቶ ሌላው የተጨመረ አይመስልም።

ነጥቦችን አንድ በአንድ ማሳየት ለሚፈልግ የማቆሚያ ትእዛዝ አለ። ቢመር ይህን የሚሠራው እያንዳንዱን እርምጃ የየራሱ የፒዲኤፍ ገጽ በማድረግ ስለሆነ 12 ስላይድ የነበረው ፋይል 40 ገጽ ሊሆን ይችላል። ለፈታኞች ሊያባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄድ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ካሳተመ በከንቱ ይከፍላል። በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ የኅትመት ቅጂ መሆኑን የሚገልጽ አንዲት ቃል ቢጨምር ገጾቹ ተመልሰው ይሰበሰባሉ።

ቢመር ለሁሉም ሰው አይሆንም። ፎቶና ቪዲዮ ለሚያበዛ፣ ነገ ጠዋት ለሚያቀርብና ዛሬ ለሚጀምር ሰው ፓወርፖይንት ይሻለዋል። በቢመር አንዲት የተረሳች ቅንፍ ሥራውን ሁሉ ታቆማለች፤ የስሕተቱ መልእክትም ለጀማሪ ግልጽ አይደለም። ኢንተርኔት ባለበት ኦቨርሊፍ በተባለው ድረ ገጽ ሳይጭኑ መሞከር ይቻላል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ግን ቴክ ላይቭ የተባለውን የላቴክ ስብስብ በኮምፒውተር ላይ መጫን ይመረጣል፤ ሙሉው ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ከጓደኛ በፍላሽ መቀበል ሳይቀል አይቀርም። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ከቢመር ጋር አብረው የሚመጡት የገጽታ ንድፎች በከተሞች ስም ተሰይመዋል፦ በርሊን፣ ማድሪድ፣ ዋርሶ፣ ሲንጋፖር፣ ማልሞ። በእኛ ፊደል ታስቦ የተሠራ ግን ከመካከላቸው የለም። አንድ ንድፍ በውስጡ የሚይዘው የቀለም፣ የፎንትና የአቀማመጥ ምርጫ ነው፤ ከላይ የተባሉት ሁሉ፣ ማለትም ፎንቱ፣ ሰፋ ያለው መስመር፣ የጠፉት ቁልፎች፣ ለማጉያ የሚሆነው ቀለም፣ በአንድ አጭር ፋይል ሊጻፉ ይችላሉ። ላቴክ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ተቀምጠው ቢያዘጋጁትና አዳማ ብለው ቢሰይሙት፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ተመራቂ ፋይሉን ከስላይዱ ጎን አስቀምጦ በአንድ መስመር ይጠራዋል፤ ከዚያ ወዲያውኑ በአማርኛ መጻፍ ይጀምራል።