ሲሮጡ የታጠቁት፤ ቤትን ለሽያጭ ስለ ማሰናዳት

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚለው ያገራችን ብሂል ከማንም ይልቅ ለወታደር ቤተሰብ የተነገረ ይመስለናል። የዝውውር ትእዛዝ በደረሰ ጊዜ አባወራው ጓዙን ይሸክፋል፤ እመቤቲቱም ልጆቿን ትሰበስባለች፣ የቤት ዕቃዋን ታስራለች፣ በየሱቁ ያለባትን ዱቤ ትዘጋለች። በዓመታት ቁጠባ የተሠራው ቤት ግን እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በመኪና ላይ አይጫንም። በዚህን ጊዜ ነው ደላላው ከደጅ ቆሞ "ዛሬ ካልሸጣችሁ ነገ ገዢ አይገኝም" የሚለው። የቤተሰብ ዓምዳችን የዛሬውን ርዕስ የመረጠው ከዚህ ጥድፊያ አስቀድሞ፣ ልብ በተረጋጋበት ሰዓት፣ ከአንባብያን ጋር ለመመካከር ነው።

የሌላውን ስሕተት ከመዘርዘራችን በፊት የራሳችንን እንናገር። ከዚህ ዓምድ አዘጋጆች አንዱ ከዓመታት በፊት በድንገት በተዛወረ ጊዜ ቤቱን በስድስት ቀን ውስጥ ሸጠ። የሚያፈሰውን ጣራ ሳያስጠግን፣ በኮርኒሱ ላይ የነበረውን የውሃ ምልክት በኖራ ቀብቶ አሳለፈው። ባለቤቱ ለወሊድ ከወላጆቿ ዘንድ ሄዳ ስለ ነበረ በውሉ ላይ አልፈረመችም። ዝናብ በጣለበት በመጀመሪያው ሌሊት ገዢው ጉዱን አየ፤ በማግሥቱም ሽማግሌ ይዞ መጣ። ለጣራው ቅናሽ፣ ለቀሪው ክፍያ ደግሞ የሚስቲቱን ፊርማ ጠየቀ። ገንዘቡ ተሟልቶ እጅ እስኪገባ ስምንት ወር አለፈ። ከሁሉ የከፋው ግን ባለቤቱ "ቤቴ መሸጡን ከሰው ሰማሁ" ማለቷ ነበር።

ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ ለመግለጽ፣ ቤትን ለሽያጭ ማሰናዳት ማለት ጉድለትን መሸፈን አይደለም። ጉድለትን ከገዢው ቀድሞ ማወቅ፣ የሚጠገነውን መጠገን፣ የማይጠገነውን መናገር፣ ሰነዱንም በባልና በሚስት ስምምነት አሟልቶ መጠበቅ ነው።

ገበያ የሚመለስባት ከተማ

ሞያሌ በሁለት አገሮች ወሰን ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በወዲህ የኢትዮጵያ ሞያሌ፣ በወዲያ ደግሞ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ የምትገኘው ሞያሌ አለች። ለቆ መሄድና ተመልሶ መምጣት ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። በሐምሌ 1932 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በወዲያ ያለውን የእንግሊዝ ምሽግ ከብቦ አስለቀቀ፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች መልሰው ያዙት። በቅርቡም ዘመን፣ በ2006 ዓ.ም. በኬንያው ሞያሌ በጎሣዎች መካከል በተነሣው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ በወዲህኛው ሞያሌ ሰላማውያን ሰዎች በወታደሮች ጥይት ከተገደሉ በኋላ በሺሕ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ኬንያ ተሰደዱ።

ሰው በሚሸሽበት ሰሞን ቤት ዋጋ ያጣል፤ የሸጠም እንደ ሸጠ አይቈጠርም። ሰላም ሲሰፍንና መንገድ ሲከፈት ግን ነገሩ ይለወጣል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቀድሞ ለጭነት መኪና የቀናት ፈተና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ገደማ ግን አስፋልቱ ተጠናቀቀ። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የድንበር ኬላ በሞያሌ መረቁ፤ ዓላማውም መንገደኛና ዕቃ የሁለቱን መንግሥታት ፍተሻ በአንድ ስፍራ እንዲጨርስ ማድረግ ነው። መንገድና ኬላ ባለበት ሾፌሩ፣ ነጋዴውና የመንግሥት ሠራተኛው ማደሪያ ይፈልጋል። የተዘጋ ቤት መከፈት፣ የተረሳ ቦታ መጠየቅ የሚጀምረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ ከመከራ በኋላ የሚመለስ ገዢ እንደ ቀድሞው ገዢ አይደለም። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ የቤት ዋጋ ወድቆ ብዙ ሰው ቤቱን በዕዳ አጣ። ገበያው ከ2012 ጀምሮ ማንሠራራት በያዘ ጊዜ ግን ባንኩ ለብድር ጠንቃቃ፣ ገዢውም ጠያቂ ሆኖ ተገኘ። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" እንዲሉ፣ በሞያሌም አንድ ጊዜ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው ሁለተኛ ቤት ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ አይደለም። "ቦታው የማን ነው? ተከራካሪ አለበት ወይ? ውሃው ከየት ይመጣል?" ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያሰናዳ ሻጭ ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ ያላሰናዳ ግን ገበያው ቢመለስም ለእርሱ አይመለስለትም።

ጣራ፣ ውሃና ማድ ቤት

ከጣራው እንጀምር። በሞያሌ አካባቢ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ዋነኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው በጥቅምትና በኅዳር። ስለዚህ ቆርቆሮው መታየት ያለበት ደመና ሳይከብድ ነው። የዛገውን ምስማር ማስለወጥ፣ ቀዳዳውን በሬንጅ መድፈን፣ የተጣመመውን አሸንዳ ማቅናት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ በኮርኒስ ላይ የሚታይ አንድ የውሃ ምልክት ግን ከዋጋው ብዙ ያስቀንሳል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ደረቅ በሆነ አገር ገዢ ከሳሎኑ በፊት የሚያየው የውሃውን ማጠራቀሚያ ነው። ሮቶው ይታጠብ፤ ከአሸንዳው የሚወርደው ቧንቧ ይጠበቅ፤ የሚያንጠባጥበው መክፈቻ ይለወጥ። ውሃ በቦቴ የሚገዛ ከሆነም አይደበቅ። በወር ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል ለገዢው በትክክል መንገር መተማመንን ያመጣል።

ሦስተኛው ግድግዳው ነው። በጭቃ ቤት የምሰሶዎቹ ሥር በምስጥ ተበልቶ እንደ ሆነ በቢላዋ ጫፍ መሞከር ይቻላል። የተሰነጠቀው ልስን በጭድና በጭቃ ይመረግ፤ በሚገባ ሳይደርቅ የዘይት ቀለም ቢቀባበት ግን ይላጣል። የማድ ቤቱ ጥቀርሻ ይፈተግ፤ የመጸዳጃ ቤቱ በርና ክዳን ይስተካከል፤ የሚንቋቋው ማጠፊያ ዘይት ይጠጣ፤ የእያንዳንዱ በር ቁልፍ ተፈልጎ በአንድ ላይ ይንጠልጠል። ክፍሉን ያጨናነቀው ትርፍ ዕቃ አስቀድሞ ቢሸከፍ ቤቱ ሰፊና ብርሃናማ ሆኖ ይታያል፤ ለሚዛወር ቤተሰብም የጉዞው ዝግጅት ግማሹ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንመክራለን። ለመሸጥ ሲባል አዲስ ክፍል መሥራት፣ ሴራሚክ ማንጠፍ ወይም ውድ በር ማስገጠም አያስፈልግም። ይህ ወጪ በዋጋው ላይ ተመልሶ የሚገኝ ለመሆኑ ማንም ዋስ አይሆንም። ገንዘብ መውጣት ያለበት ጉዳትን ለሚያቆም ነገር ነው። ለወጣው ሁሉ ደረሰኝ ይያዝ።

በወዲህና በወዲያ ያለው ሕግ

በአገራችን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማን መሬት የመንግሥት ካደረገ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ በአንቀጽ 40 አጽንቷል። ሻጭ የሚሸጠው በቦታው ላይ ያፈራውን ቤት ነው። ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው፣ የግብርና የቦታ ኪራይ ደረሰኙ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳቡ በአንድ ማኅደር ተሰብስበው መገኘት አለባቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ውሉም በሚመለከተው አዋዋይ ፊት መደረግ ወይም በፍርድ ቤት መመዝገብ ይኖርበታል። በመንደር ወረቀት ላይ የተፈረመ ውል ለጠብ በር ይከፍታል።

በኬንያ በኩል ያለው ግን ሌላ ነው። በዚያ የግል የመሬት ባለቤትነት አለ። ይሁን እንጂ በሰሜን ኬንያ ከተሞች ብዙ ሰው በእጁ የያዘው ከቀድሞው የአካባቢ ምክር ቤት የተሰጠ የምደባ ደብዳቤ ብቻ ነው። ይህ ደብዳቤ የቦታ መመደብን ያሳያል እንጂ የባለቤትነት ምስክር ወረቀትን አይተካም። ከከተማ ውጪ ያለውም ሰፊ መሬት እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ሕግ መሠረት የማኅበረሰብ መሬት ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። ገዢም ሻጭም ከመሬት መዝገብ ቤት የምርመራ ውጤት ሳያወጡ ገንዘብ መቀባበል የለባቸውም።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሠራዊታችን ባለቤቶች መካከል ወላጆቻቸው በወዲያኛው ሞያሌ የኖሩ ይገኛሉ። እንዲህ ያለች አንዲት እኅታችን ከአባቷ ቤት ድርሻ አላት እንበል። ገበያው ተመለሰ ብለው ወንድሞቿ ለመሸጥ ቢነሡ፣ በኬንያ የውርስ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ሳይሰጥ የሟችን ንብረት መሸጥ ክልክል ነው። የእስልምና ተከታዮች የውርስ ጉዳይ በሃይማኖታቸው ሕግ የሚመራ ሲሆን፣ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሙስሊሞች ሆነው ሲስማሙ የቃዲ ፍርድ ቤት ያየዋል። ዜግነቷም ይታያል፤ የኬንያ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጋ መሬትን ከ99 ዓመት ባልበለጠ የሊዝ ይዞታ ብቻ እንዲይዝ ይፈቅዳልና። የዋጋ ዕድገት ግብርም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ከ5 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። ሻጩ ከመሸጡ በፊት ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ የኖረበት የግል መኖሪያ ቤት ግን ከዚህ ግብር ነጻ ነው። ይህን ሁሉ ከጠበቃ ጋር ሳይመክሩ፣ በስልክ "ሽጡት፣ ድርሻዬን ላኩልኝ" ማለት ድርሻን ማጣት ሊሆን ይችላል።

የሁለት ሰው ፊርማ

በወዲህም ሆነ በወዲያ ሕጉ በአንድ ነገር ይገናኛል። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ሊኖራቸው ስለሚችል በሚኖሩበት ክልል መጠየቅ ይገባል። የኬንያው የጋብቻ ንብረት ሕግ እ.ኤ.አ. 2013ም ባልና ሚስት ሳይስማሙ የጋራ መኖሪያቸው እንዳይሸጥ ይከለክላል።

ወታደሩ በግዳጅ ላይ ሆኖ መፈረም ካልቻለስ? መፍትሔው ውክልና ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ንብረትን ለማስተዳደር እንጂ ቤትን ለመሸጥ አይበቃም። ለሽያጭ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ የሚሸጠው ቤት ተለይቶ ቢጻፍበትም ይመረጣል። ይህን ሰነድ ከጉዞ በፊት ማሰናዳት የአንድ ጠዋት ሥራ ሲሆን፣ ከጉዞ በኋላ ግን ወራትን ሊፈጅ ይችላል።

ስለ ዋጋና ስለ ቀብድ

ዋጋን ከአንድ ደላላ አፍ ብቻ መቀበል አይገባም። በሰፈሩ በቅርብ ጊዜ የተሸጡ ሁለት ሦስት ቤቶች በስንት እንደ ሄዱ መጠየቅ፣ የሚጠየቀውን ሳይሆን በእርግጥ የተከፈለውን ማጣራት ያስፈልጋል። ባልና ሚስት ከዚያ በታች የማይወርዱበትን ዋጋ ተነጋግረው በልባቸው ይያዙ። የጊዜ ጥበት ካለም ቤቱን አከራይቶ የተሻለ ገበያ መጠበቅ ሌላው አማራጭ መሆኑ አይዘንጋ።

ቀብድም በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለሆነም ሰነዱ ያልተሟላለት ሻጭ ቀብድ ለመቀበል መቸኮል የለበትም። የደላላው ድርሻ፣ ግብሩንና የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል፣ ቤቱ የሚለቀቅበት ቀን፣ ተነግሮ የታወቀው ጉድለት ጭምር በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ለዚህ ሁሉ የዝውውር ትእዛዝን መጠበቅ አያስፈልግም። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ባልና ሚስት አብረው ጣራቸውን ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ከዚያም ሣጥኑን ከፍተው ካርታውን፣ ደረሰኙንና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን በአንድ ማኅደር ያኑሩ። ቤቱ ባይሸጥም የማያፈስ ጣራና የተሟላ ሰነድ ለልጆች ይተርፋል። በዚህ ረገድ የደረሰባችሁንና የተማራችሁትን ጻፉልን፤ ለሌላው ቤተሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።